ማኅተም ያላረፈባቸው አሥራ አንድ ገጾች

ጋዜጦቹን ካመናችሁ፣ ፊርሚን ላካዝ ያንን እየቆመ እየቆመ የሚሄድ ዜማውን ያመጣው ከጦር ሜዳ ነው። ጥይት ጉልበቱን መታው፣ በከዘራ ተመለሰ፣ ሙዚቃውም አብሮት አነከሰ ይላሉ። ድንቄም! አንዱ የተማርኩ ነኝ ባይ ደግሞ ከስፔን በቅሎ ነጂዎች ነው የቀዳው ብሎ ሙሉ ገጽ ሞልቷል። ፊርሚን እኮ ስፔንን በካርታ እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ዜማው የተጻፈው ጦርነቱ ሊነሳ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ እኔ በየጠዋቱ በምወለውላት ክፍል ውስጥ ነው። ፊርሚንን የቀበሩት ባለፈው ወር ነው። ስንቱ ባለሥልጣን በቀብሩ ላይ ንግግር ሲደረድር እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ስለዚህ ሳትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ።

ኦኖሪን እባላለሁ። ባሌ ኤቫሪስት ጫካው ዳር ያለው የድሮ መሳፍንት ግንብ በረኛ ነበር፤ እኔ ደግሞ ምግብ አብሳይ። ዓመቱን ሙሉ ግንቡ የአይጥና የእኛ ነው። ግንቦት ሲመጣ ግን የሙዚቃው ውድድር ይመጣል። ስድስት ወጣት የሙዚቃ ደራሲዎች ገብተው ለሠላሳ ቀን ይዘጋባቸዋል። አንድ ግጥም ይነበብላቸዋል፣ እነሱም ያንን ግጥም ለዘፋኞችና ለሙሉ ኦርኬስትራ አድርገው ይጽፋሉ። ለእያንዳንዳቸው አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፒያኖ። መስኮቱ ሰማይ እንጂ ሰው እንዳያሳይ በጣውላ ይታጠራል። ከቤተሰብ የተላከ ዳቦ እንኳ ተቆርሶ ይፈተሻል፤ እኔ ራሴ አንድ ዓመት ከኬክ ሆድ ውስጥ የተጠቀለለ ኖታ አውጥቻለሁ። ያሸነፈ ሮማ ሄዶ ሦስት ዓመት እየበላና እየተኛ ሙዚቃ ብቻ ይጽፋል። የተሸነፈ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ደግሞ ሁለተኛ አይገባም።

ከሕጉ ሁሉ የሚያስፈራው ማኅተሙ ነበር። በየቀኑ አመሻሽ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በረኛው በየክፍሉ ገብቶ የዕለቱን ገጾች የቀን ማኅተም ይመታባቸዋል፤ ስንት ገጽ እንደሆኑም በመዝገብ ይሰፍራል። ማኅተም የሌለበት ገጽ ከውጭ እንደገባ ይቆጠራል። ባለቤቱ ከውድድሩ ይባረራል፣ ስሙ ይጠፋል፣ የትም ቢሄድ «አጭበርባሪው» ይባላል። ማኅተሙን መያዝ የሚችለው ደግሞ ቃለ መሐላ የፈጸመው በረኛ ብቻ ነው፤ በዓይኔ አይቼ፣ በእጄ አትሜ ብሎ የማለ።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። የማለው በረኛ አያይም ነበር።

ሞራ ነው። መጀመሪያ አንዱን ዓይኑን ሸፈነው፣ ቀጥሎ ሌላውን። አምስት ዓመት ሙሉ ከእኔ በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። ከበሩ እስከ ደረጃው አርባ ሁለት እርምጃ፣ ከደረጃው እስከ መጀመሪያው ክፍል ዘጠኝ፣ ሁሉን ቆጥሮ ይዞታል። ግራ እጁን ግድግዳው ላይ ያስኬዳል። ሁለት ይራመዳል፣ ይቆማል፣ በቀኝ እግሩ ጫማ ደፉን ይዳስሳል፣ በር ሲያገኝ ቁልፎቹን ያንቀጫቅጫል። ሰው ኩራት ይመስለው ነበር። «በረኛው እንደ ጳጳስ ነው የሚራመደው» ይሉ ነበር፣ እሱም ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ለማኅተሙ እኔ ቀለሙን ይዤ አብሬው እገባለሁ። ክርኑን ይዤ ትንሽ ቆንጠጥ ሳደርገው ወደ ቀኝ፣ ለቀቅ ሳደርገው ወደ ታች፣ እንዲህ ተግባብተናል። መዝገቡን የምሞላው እኔ፣ ፊርማው የእሱ። ወንጀል ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያቺን የበረኛ ቤት ለቅቀን የት እንሄዳለን? እዚያ ግቢ ውስጥ ኤቫሪስት ሰው ነው፤ ድንጋዩንም በሩንም ያውቃቸዋል። ሌላ ቤት የገባ ዕለት ዕውር ነው። ይኸው ነው ነገሩ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

በዚያ ዓመት ከስድስቱ አንዱ ፊርሚን ነበር። ከሰሜን ከከሰል ማውጫው አገር የመጣ፣ ቀጭን፣ ሳል የማይለቀው። አባቱ በማዕድን ሠራተኞች ባንድ ውስጥ ጥሩምባ ይነፋ ነበር። ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለት ጊዜ ወድቋል። በመስከረም ሠላሳ ይሞላዋል፤ ከዚህ በኋላ ዕድል የለውም። ሾርባዬን ሁለት ሳህን ይበላና «እትዬ ኦኖሪን፣ እናቴ ብትሰማ ትቀናለች» ይለኛል። ምላሱ ቅቤ ነው ብዬ ነበር፤ ኋላ ሳየው እውነቱን ነው፣ እየራበው ነው ያደገው።

አንድ አመል ነበረው፤ ፒያኖ አይነካም። ሌሎቹ ከጠዋት ጀምሮ ሲቀጠቅጡ እሱ ክፍሉ ውስጥ ዝም ብሎ ነው የሚጽፈው። አጠገቡ ያለው ጋስፓር፣ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ ፒያኖ ሲጫወት መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ፣ ምሳ ላይ አይለቀውም።

«ፊርሚን፣ ፒያኖህ ውስጥ ዶሮ አስታቅፈሃል እንዴ?»

«አዎ። አንተ ባትጮህ ኖሮ እስካሁን በፈለፈለች።»

«ሾርባ በወሬ አይሞቅም፣ ብሉ!» እላለሁ እኔ።

አሥራ ሰባተኛው ቀን ላይ ነው እንግዲህ። አመሻሽ ላይ አምስቱን ክፍሎች ጨርሰን ወደ መጨረሻው፣ ወደ ፊርሚን በር ደረስን። ከፈትኩት። ወይ ጉዴ! ወለሉ ላይ፣ አልጋው ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የመስኮቱ ደፍ ላይ ትልልቅ የኦርኬስትራ ገጾች ተዘርግተዋል። አሥራ አንድ ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። ቀለሙ ገና እርጥብ ነው፣ ያብለጨልጫል። እሱ በካልሲ ብቻ ክፍሉ መሃል ቆሞ ሁለት እጁን ዘርግቷል።

«እትዬ ኦኖሪን፣ በእግዜር! እንዳይረግጡብኝ!»

ከኋላዬ ኤቫሪስት ቀኝ እግሩን አንሥቷል። ከዚያ በር እስከ ጠረጴዛው አራት እርምጃ መሆኑን ያውቃል፣ ወለሉ ላይ ምን እንዳለ ግን አያውቅም። ቢገባ በቦቲው ነው የሚረመርማቸው፣ ልጁም በዚያች ቅጽበት ሁሉን ነገር ያውቃል። በቂጤ ገፋሁት። ይቅርታ፣ ግን በሌላ ነገር የምገፋበት ጊዜ አልነበረኝም።

«ነገ ጠዋት ይታተማሉ» አልኩ።

«ሕጉስ?» አለ ፊርሚን።

«የምን ሕግ! ና ሾርባህ ይቀዘቅዛል።»

በመዝገቡ ላይ፣ በስሙ ትይዩ፣ ለዚያ ቀን ዜሮ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ጋስፓር ጥርሱ አብጦ ሲያቃስት ተነሳ፤ ሐኪም ይምጣ፣ ሐኪሙ ይፈተሽ፣ ውሃ ይፍላ፣ ግንቡ ተገለባበጠ። ረሳሁት። ፊርሚን የደረቁትን ገጾች ከክምሩ ሥር አስገብቷቸዋል። ማታ ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ያገኘነው አዲሶቹን ብቻ ነው፣ እነሱን አትመን ወጣን።

ከዚያ በአራተኛው ቀን ካሮት እየላጥኩ ነበር። ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። አሥራ አንዱ!

ኤቫሪስትን ጠርቼ ነገርኩት። መጀመሪያ ያለው «የማኅተሙን ቀን ወደ ኋላ አዙሪና ምቺ» ነው። እንዴት ይሆናል? ዜሮዋ በቀለም ተጽፋለች፣ የመዝገቡ ግልባጭ ደግሞ እሁድ ዕለት ለመሲዮ ደላፎስ ተልኳል። የዛሬውን ቀን ብንመታባቸውም ከእነሱ ቀጥለው ከተጻፉት ገጾች በኋላ የመጡ ይሆናሉ። መሲዮ ደላፎስ የዳኞቹ ጸሐፊ ነው፤ ነጭ ጓንቲ ከእጁ የማይለይ፣ በስህተት እንኳ የማይስቅ ሰው።

«እንንገረው እንግዲያ» አልኩ።

«ምን ብለን? በረኛው ለምን አልገባም ሲለን?»

ቢላዋውን አነሳሁና ካሮቱን መላጥ ቀጠልኩ። ከዚያ «ምናልባት አይቆጥሩም» አለኝ።

«አይቆጥሩም» አልኩት።

ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠን እርስ በርስ ተዋሸን። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላል ሰው፤ እኔ ደግሞ እርጥብ ነው ብዬ ትቼው ይኸው ደረቀብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላየሁም። ለፊርሚን ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ሥጋ እቆርጥለት ጀመር። ጥፋተኛ ሰው ሥጋ ያበዛል።

«እትዬ ኦኖሪን ዳሩልኝ ሊሉ ነው መሰለኝ ፊርሚንን» ይላል ጋስፓር ባበጠ ጉንጩ። ሁሉም ይስቃል። እኔ ድስቴን ይዤ ወደ ማድቤት እመለሳለሁ። አንድ ሁለቴ ልነግረው በሩ ድረስ ሄጃለሁ፤ ጎንበስ ብሎ ሲጽፍ አየዋለሁ፣ እመለሳለሁ። የአንድ ሰው ሙሉ ሕይወት በአንድ በኩል፣ ቤታችን በሌላ በኩል፣ እኔ መሃል ላይ ድስት ይዤ።

የፈሩት ይደርሳል። ሠላሳኛው ቀን መጣ።

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ በትልቁ አዳራሽ ተሰበሰቡ። ምሳም የሚበላው እዚያው ስለሆነ ሾርባውን በትልቁ የሸክላ ጎድጓዳ ይዤ ስመጣ ነገሩ ተጀምሮ ነበር፤ በሩ ላይ ቀረሁ። ለዳኞቹ ሲባል ከሌላ ክፍል ወንበሮች መጥተው ተደርድረዋል። ኤቫሪስት እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ፣ ቁልፎቹን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሲዮ ደላፎስ መዝገቡን ከፍቶ እየቆጠረ ነው። የጋስፓር ተቆጠረ፣ ደህና። የሁለተኛው፣ የሦስተኛው፣ የአራተኛው ደህና።

«ላካዝ። አሥራ ስድስተኛ ቀን፣ አምስት። አሥራ ሰባተኛ ቀን፣ ዜሮ።» ገጽ እየገለጠ ሄደ። ከዚያ ቆመ። ተመለሰ። አንድ በአንድ እያነሳ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው፤ የካርታ ጨዋታ የያዘ ነው የሚመስለው።

«መሲዮ ላካዝ፣ አሥራ አንድ ገጾች ማኅተም የላቸውም።»

ፊርሚን መጀመሪያ ፈገግ አለ። ስህተት መስሎት ነው። «አሥራ ሰባተኛው ቀን ነው እኮ፣ ያን ዕለት...» ብሎ ጀመረ።

«ያን ዕለት ምን?»

ፊርሚን ቀና አለ። ዓይኑ ወደ በሩ መጣ፣ እኔን አየ፣ ከእኔ አልፎ ኤቫሪስትን አየ። አፉን ገጠመ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያውቃል። ይህ ልጅ ሁሉን ያውቃል።

«አላስታውስም» አለ።

«አያስታውሱም?»

«እዚህ ነው የጻፍኳቸው። ቀኑን አላስታውስም።»

መሲዮ ደላፎስ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ግድግዳው ስስ ነው። ላካዝ ይህን ሲሞክር፣ ሲጫወት፣ የሰማ አለ?»

ጋስፓር ተነሳ፣ ጆሮው ቀልቷል። «መሲዮ፣ ፊርሚን ፒያኖ አይነካም፣ አመሉ ነው። ግን ሌባ አይደለም።»

«ስለ ጠባዩ አልጠየቅኩዎትም። ይልቅ ይቀመጡና እነዚህን ገጾች ይጫወቱልን። የማን እጅ እንደሆነ እንስማ።»

ጋስፓር ፒያኖው ጋ ተቀመጠ። ሃያ መስመር የኦርኬስትራ ኖታ በአንድ ጊዜ እያየ በአሥር ጣት የሚጫወት ሰው ነው፣ እግዜር ነፍሱን ይማር። ጀመረ።

ከታች፣ ከወፍራሙ ድምፅ በኩል፣ ሁለት ምት። ዝምታ። ከዚያ አንድ ረጅም የሚጎተት ድምፅ። ከዚያ ከላይ፣ ከቀጭኑ በኩል፣ የሚንቀጫቀጭ ነገር። እንደገና ሁለት ምት። ዝምታ። እኔ ሙዚቃ አላውቅም፤ ያደግኩት ጎመን ስተክል ነው። ግን ልቤ ስንጥቅ አለ። አምስት ዓመት ሙሉ ክርኑን ይዤ አብሬው ሄጃለሁ። ሁለት እርምጃ፣ ቆም፣ በጫማው ደፉን ዳሰስ፣ ቁልፎቹ። ባሌ ነው። ባሌ በፒያኖ ውስጥ በኮሪደሩ እየሄደ ነው።

ጋስፓር ሲጨርስ መሲዮ ደላፎስ መነጽሩን አስተካከለ። «ይህ ከቀሩት ገጾች ጋር አይመሳሰልም። መምህርዎ እንዲህ አይጽፍም። እርስዎም ከዚህ በፊት እንዲህ ጽፈው አያውቁም። ይህ እየቆመ የሚሄድ ነገር ከየት መጣ?»

«ከራሴ ነው።»

«ከየት ሰሙት ነው የምልዎት።»

ሁለት ቃል ነበር የሚያድነው፤ «ከበረኛው እግር» ማለት ብቻ። ቀጥሎ ግን «ለምን እንዲህ ይራመዳል?» ይመጣል። ፊርሚን ጫማውን አየ።

«ከራሴ ነው አልኩ እኮ።»

«እንግዲያውስ የምጽፈውን ያውቁታል።» መሲዮ ደላፎስ ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ።

«ይጻፉ» አለ ፊርሚን። ሳል መጣበት፣ ዋጠው።

ተናገሪ ኦኖሪን! እላለሁ ለራሴ። አንቺ አሮጊት፣ ተናገሪ! አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ተሳሰረ። በዓይኔ ላይ የምትዞረው ያቺ ቤታችን ናት፣ ያ የሽንኩርት መደብ፣ ኤቫሪስት ጠዋት ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቅባት ድንጋይ። እግዜር ያውቃል፣ ለመናገር ነበር የከፈትኩት። ይመስለኛል።

«ጋስፓር ልጄ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ በኩል፣ «እስቲ ከመጀመሪያው ድገመው።»

ኤቫሪስት ነው።

«ኤቫሪስት፣ ማን አናገረህ?» አለ መሲዮ ደላፎስ።

«ማንም። ይድገመው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የኤቫሪስት ጆሮ ግን ባዳ አልነበረም፤ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ያለው እሱ ብቻ ነው። ጋስፓር ጀመረ፣ ኤቫሪስትም ተራመደ። ግራ እጁ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት እርምጃ። ቆመ። ቀኝ እግሩን ጎተተ። ቁልፎቹን አንቀጨቀጨ። ፒያኖውም በዚያችው ቅጽበት። ሁለት እርምጃ፣ ቆመ። የአንዱ ወጣት አፍ ተከፍቶ ቀረ። ፊርሚን «አይ፣ አይ፣ አይሆንም» ሲል ሰማሁት፣ በሹክሹክታ። ኤቫሪስት ግድግዳውን ለቆ ወደ ፒያኖው ታጠፈ፣ በዚያ በኩል ባዶ መሆኑን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያውቃል። ለዳኞቹ የመጣው ወንበር እዚያ ነበር።

በግንባሩ ነው የወደቀው። ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተንሸራተው ከመሲዮ ደላፎስ ጫማ ሥር ቆሙ። ጋስፓር አላየም፣ ጥቂት ኖታ ቀጠለ፣ ከዚያ እሱም አቆመ።

«ይህ ወንበር እዚህ አልነበረም» አለ ኤቫሪስት ከመሬት።

ጋስፓር ሊያነሳው መጣ፤ ኤቫሪስት ግን በእጁ ከለከለው።

«ዕውር ነኝ፣ መሲዮ። አምስት ዓመቴ ነው። ልጁ እኔን ነው የሰማው። እንዲህ የሚሄድ ሰው ከዚህ ግንብ ውጭ የለም፤ ከውጭ ሊመጣለት አይችልም።»

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። አሁን ምን ያደርጋል! እየጮህኩና እያለቀስኩ እርጥቡን ቀለም፣ ዜሮዋን፣ የጋስፓርን ጥርስ፣ ካሮቱን፣ ሁሉን ዘረገፍኩት። ኤቫሪስትን አንሥቼ ደሙን በሽርጤ ጠረግኩለት። ሾርባዬ ትዝ ያለኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ሳየው ጎድጓዳው ደፉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም ነበር።

መሲዮ ደላፎስ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ ገጾቹን አቀረበና በእርሳስ እየነካ መቁጠር ጀመረ። «ቁልፎቹ ስንት ጊዜ ይንቀጫቀጫሉ?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። «ስድስት። ኮሪደሩ ላይ ስንት በር አለ?»

«ስድስት» አለ ጋስፓር፣ ሊስቅም ሊያለቅስም እያለ።

መሲዮ ደላፎስ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፍ መልሶ አስቀመጠው።

ገጾቹ ተቀባይነት አገኙ። ፊርሚን አሸነፈ፣ ሮማ ሄደ። እኛ ደግሞ በመስከረም ቤቱን ለቀን አሚየን ከተማ እህቴ ዘንድ ገባን፤ ሕግ ሕግ ነው። እንደፈራሁት ሆነ። እህቴ ቤት ውስጥ ኤቫሪስት ሁሉ ነገር ላይ ይጋጭ ነበር፣ ኋላ መጋጨቱ ሲሰለቸው ተቀመጠ። አሥራ አንድ ዓመት መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ሞተ። አንድም ቀን «ባልተናገርኩ» አላለም። እኔ ግን ተናድጄ ነበር። ፊርሚን ጆሮውን ስለሰጠ ተናደድኩ፣ ኤቫሪስት ስለተራመደ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ እኔ ማለት የሚገባኝን ዕውር ባሌ በግንባሩ ወድቆ ስላለልኝ። ፊርሚን ከሮማ ሲጽፍ ደብዳቤውን ለኤቫሪስት አነብለታለሁ፣ መልስ ግን አልጻፍኩም።

የቀረውን ጋዜጦቹ ያውቁታል። ጦርነቱ መጣ፣ ጋስፓር ቨርዱን ጦር ሜዳ ላይ ቀረ። ፊርሚን ጉልበቱ ቆስሎ ተመለሰ፣ ፓሪስ ላይ አንዴ አፏጩበት፣ አንዴ አጨበጨቡለት፣ ሸመገለ፣ ታላቅ ሆነ። እነዚያን አሥራ አንድ ገጾች ግን ከመሳቢያ አላወጣቸውም ነበር። የዛሬ አራት ዓመት ነው ደብዳቤ የላከልኝ፤ ለብቻቸው የኦርኬስትራ ሥራ አድርጌያቸዋለሁ፣ ሊል ከተማ ልምምድ አለ፣ በሞቴ ይምጡ ይላል። ሄድኩ። ማርጀት ንዴትንም ያደክማል።

ባዶ አዳራሽ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ፣ ከዘራው በጉልበቱ መሃል። የኦርኬስትራው መሪ ጸጉሩን የሚወዘውዝ ወጣት ነው። ጀመሩ። እየሮጠ ነው የሚሄደው! ኤቫሪስት እንዲህ ቢሄድ በመጀመሪያው በር ላይ ጥርሱ በረገፈ።

«አይደለም» አለ ፊርሚን።

ዘገም አደረጉት። «አይደለም።»

መሪው ወረቀቱን አነሳ። «መምህር፣ ሌላው ሰው እዚህ ቦታ ላይ ቀስ ወይም ፈጠን ብሎ ይጽፋል። እርስዎ የጻፉት ‹በኤቫሪስት እርምጃ› ነው። ኤቫሪስት ማን ነው? እኔ ከየት ላምጣው?»

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የባሌ ስም ኖታው ላይ መጻፉንም፣ መታተሙንም አላውቅም ነበር።

«እትዬ ኦኖሪን» አለኝ ፊርሚን፣ «ያሳዩልኝ።»

«እኔ? አብደሃል! ሰው ፊት?»

«ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም።»

ተነሳሁ። በወንበሮቹ መሃል ባለው መተላለፊያ ላይ ቆምኩ። ክርኑን የምይዝበትን እጄን አጠፍኩ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለት እርምጃ። ቆም። ዳሰስ። ቁልፍ ስላልነበረኝ የቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ አንቀጨቀጭኩ። ሁለት እርምጃ። በሦስተኛው በር ላይ ወፍራም ድምፅ ያላቸው ትልልቆቹ ቤዞች ከእግሬ ሥር ገቡ፣ ቀጥሎ ትንሿ ዋሽንት ቁልፌን ተቀበለችኝ። ስድስቱንም በር ሄድኩ። አላስቸኮሉኝም።

ተመልሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዝኩት ነገር ያን ጊዜ ወጣ።

«ፊርሚን፣ እሱ ባይራመድ ኖሮ እናገር ነበር ወይ? አላውቅም። እስከ ዛሬ አላውቅም። ላጠፋህ ነበር እኮ።»

ፊርሚን ፊቱን ከኦርኬስትራው አላነሳም። «ሾርባውን መሬት አስቀምጠውት ነበር» አለኝ።

«መቼ?»

«ኤቫሪስት ድምፁን ከማሰማቱ በፊት። ጎንበስ ብለው አስቀመጡት፣ ቀና አሉ፣ እጅዎን ወደ መሲዮ ደላፎስ አነሡ፣ አፍዎን ከፈቱ። እኔ የማየው እርስዎን ነበር። እሱ በአንድ ትንፋሽ ቀደመዎት እንጂ።»

«ከብዶኝ ይሆናል ያስቀመጥኩት» አልኩት።

«ይሆናል» አለኝ።

ፊቴን በመሀረቤ ሸፍኜ አለቀስኩ። ስለ ኤቫሪስት ነው የማለቅሰው አልኩት፤ እሱም ያመነኝ መሰለ።